በክረምት ሌሊት ወደ ጓሯችን የሚመጣው ማን ነው?

የእንጅባራው መምህር — ሐምሌ 6

ጤና ይስጥልኝ፣ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች። የምኖረው ከእንጅባራ ከተማ ወጣ ባለ ቀበሌ፣ ከአባቴ በወረስሁት ቤት ነው። ከቤቱ ጀርባ የድንች መደብ፣ ከድንቹ ጎን ደግሞ ጥቂት በቆሎ አለኝ፤ ከዚያ ቀጥሎ ጎረቤቶቼ ለከሰል የተከሉት ዴከረንስ የተባለው ዛፍ ጥቅጥቅ ብሎ እስከ ወንዙ ይወርዳል። ልጅ ሳለሁ ይህ ተዳፋት ጤፍና ገብስ የሚዘራበት ገላጣ ማሳ ስለ ነበር፣ ከደጃፍ ቆሞ ወንዙን የሚሻገረውን ሁሉ መቁጠር ይቻል ነበር፤ አሁን ግን ከዛፉ ጥግ እስከ ዶሮ ቤቴ ያለው ርቀት ሠላሳ እርምጃ እንኳ አይሞላም።

ሰኔ ከገባ ወዲህ ሦስት ነገር ደርሶብናል። በአንድ ሌሊት ስድስት ዶሮዎቼ ሞተው ሲገኙ የተበላችው አንዷ ብቻ ነበረች። ከሳምንት በኋላ የድንቹ መደብ ከዳር እስከ ዳር ተቆፍሮ አደረ። ባለፈው እሑድ ደግሞ የጎረቤቴ ጠቦት ከበረቱ ውጭ ሆዱ ተዘርግፎ ተገኘ። መንደሩ በአንድ ድምፅ «ጅብ ነው» ብሎ ፈርዷል፤ ሥጋ ላይ መርዝ ነስንሶ በዛፉ ዳር ማስቀመጥ ይሻላል የሚል ሐሳብም ቀርቧል። እኔ ሳላይ መፍረድ ስለ ከበደኝ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ጊዜ እንዲሰጡኝ ለመንሁ፤ እነርሱም እያጉረመረሙ ፈቀዱልኝ።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በዚህ ዝናብና ጉም ውስጥ፣ ባትሪ ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ከመቀመጥ በቀር፣ ወደ ቤት የሚመጣውን አውሬ ለይቶ ለማወቅ ምን መንገድ አለ?

የመንዝ እረኛ — ሐምሌ 6

መምህር፣ በመጀመሪያ ሦስቱን ጥፋት የአንድ አውሬ ሥራ አድርገው አይመልከቱት። ጅብ ዶሮ ቤት ከገባ አምስቱን ሬሳ ለእርስዎ ትቶ የሚሄድ እንስሳ አይደለም። ጅብ ድንችም አይቆፍርም። እኔ ብሆን ለዶሮው ሸለምጥማጥን፣ ለድንቹ ጃርትን እጠረጥር ነበር፤ ስለ ጠቦቱ ግን ከዚህ ሆኜ ምንም ለማለት አልደፍርም።

ክረምት አውሬን ለማየት ክፉ ወቅት ነው የሚሉ አሉ። በግ ስጠብቅ የተማርሁት ግን የዚህን ተቃራኒ ነው፤ በበጋ መሬቱ እንደ ድንጋይ ስለሚደርቅ ጅብ በደጃፍዎ ቢመላለስ እንኳ አይታወቅም፣ በክረምት ግን ጭቃው የሌሊቱን እንግዳ ሁሉ መዝግቦ ይጠብቅዎታል። ችግሩ ሌሊቱን የተጻፈውን የንጋት ዝናብ መደምሰሱ ብቻ ነው። ስለዚህ አያቴ ያደርጉት እንደ ነበረው ያድርጉ፦ የምድጃ አመድ በወንፊት ነፍተው፣ ከቆርቆሮው ጠፈጠፍ ወደ ውስጥ ባለው ደረቅ መሬት ላይ፣ በዶሮ ቤቱ በርና በበረቱ መግቢያ፣ ማታ ማታ ስስ አድርገው ይበትኑ። ጠዋት ከብቱም ልጆቹም ሳይወጡ ቀድመው ይመልከቱት፤ የዘገዩ እንደሆነ የሚያገኙት የዶሮና የሕፃን እግር ብቻ ነው።

ዱካ ሲያገኙ አስቀድመው ጥፍሩን ይፈልጉ። ነብርና አነር ሲራመዱ ጥፍራቸውን ወደ ውስጥ ስለሚሰበስቡ በአሻራቸው ላይ የጥፍር ምልክት አይታይም፤ ጅብ፣ ቀበሮና ውሻ ግን ጥፍራቸውን መሰብሰብ አይችሉም። ጅብን ከትልቅ ውሻ ለመለየት የፊቱንና የኋላውን እግር ያነጻጽሩ፤ የጅብ የፊት እግር ከኋላው በግልጽ ይሰፋል። በአካባቢው እንደ ኖራ የነጣ ደረቅ ዓይነ ምድር ካዩም የእርሱ ነው፤ ንጣቱ ከበላው አጥንት የመጣ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ በጓሳ በኩል ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሲመላለስ ያየ እንግዳ ሁሉ ግልገል ሊነጥቅ ነው ብሎ ይደነግጣል። ቁጭ ብለው ያዩት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጽሑፍ እንዳስረዱት ግን፣ ቀበሮው የሚፈልገው አይጥ ነው፤ ብቻውን ሲያድን ከሞከራቸው የሚሳካለት 25 በመቶው ሲሆን በጭላዳዎቹ መካከል ሲሆን ግን 67 በመቶው ይሳካለታል። ለዚህ እንስሳ ስንት ጊዜ በበግ ሌባነት ፈርደንበታል!

የቡሬው ገበሬ — ሐምሌ 7

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ አመድ ነፍቶ ዱካ ማንበብ ደመወዝ ላለው ሰው ደስ የሚል ሥራ ነው። እኔ በቆሎው እሸት መያዝ ሲጀምር ጎጆዬን ትቼ ማማ ላይ ነው የማድረው። ቀን ልጆቼ ወንጭፍ ይዘው ጦጣና ዝንጀሮ ሲያባርሩ ይውላሉ፤ ሌሊት ደግሞ እኔ ለጃርቱና ለዱር አሳማው ጄሪካን እየደበደብሁ አነጋለሁ። ዝናብ ሲበረታ ውሻው ራሱ ከክዳኑ ሥር ተኮራምቶ ዝም ይላል፤ የዝናቡ ድምፅ በቆርቆሮው ላይ የአውሬውን ኮቴ ስለሚውጠው ውሻው የሚጮኸው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የተባለው ክረምትን ያየ ሰው ብሎት ይመስለኛል።

አምና በነሐሴ ጅብ አህያዬን በላብኝ። ይህን በዱካ አልተረዳሁትም፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። አህያ ለእኔ እህል ወደ ወፍጮ፣ ማዳበሪያ ወደ ማሳ የምታደርስ እጄና እግሬ ነበረች፤ ማንም አልካሰኝም። መምህር፣ ጎረቤቶችዎ መርዝ ቢሉ ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ — ሐምሌ 7

ለቡሬው ወንድማችን፦ ሐዘንዎ ይገባኛል፤ ጎረቤቶቹንም ክፉ ያለ የለም። በመርዙ ላይ ግን ዝም ማለት አልችልም። ሥጋ ላይ የተነሰነሰ መርዝ የሚበላውን አይመርጥም፤ ጅቡ ሳይደርስበት የመንደሩ ውሻና ድመት፣ ሲነጋም ጥንብ አንሳው ይበላዋል። ጥንብ አንሳዎች በአንድ ሬሳ ላይ በብዛት ስለሚሰፍሩ አንድ የተመረዘ ሥጋ ብዙዎቹን በአንድ ጊዜ ይፈጃል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በአገራችን ከሚገኙት የጥንብ አንሳ ዝርያዎች በርከት ያሉት በዓለም አቀፉ መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ወደ ተቃረቡት ምድብ እንዲወርዱ ካደረጉት ምክንያቶች ዋነኛው መርዝ ነው። እነርሱ ሲጠፉ በየገደሉ የሚጣለው የሞተ ከብት ለውሻ ይቀራል፣ ውሻውም ይራባል፣ የእብድ ውሻ በሽታም አብሮ ይስፋፋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ክረምት ነው፤ ዝናቡ መርዙን አጥቦ ወዴት እንደሚወስደው፣ ከወንዙ የሚጠጣውም ማን እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ጠቦቱ ልምጣ። መምህር፣ ሆዱ የተዘረገፈ በግ ሁሉ በአውሬ የተገደለ አይደለም። በክረምት በብርድና በእርጥበት የተነሣ ግልገሎች በሳንባ ምች በብዛት ይሞታሉ፤ የሞተውን ደግሞ ያገኘው ሁሉ ይበላዋል። ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ አይደለም። ሬሳው ሲገኝ ጓንት ወይም ፌስታል በእጅዎ አጥልቀው በአንገቱና በጉሮሮው ዙሪያ ያለውን ቆዳ ይግፈፉ። በሕይወቱ ሳለ የተነከሰ እንስሳ ልቡ ደም ይረጭ ስለ ነበር ከቆዳው ሥር በጥርሱ ቀዳዳ ዙሪያ የቋጠረ ደምና የጠቆረ ሥጋ ይታያል፤ ከሞተ በኋላ የተበላ ከሆነ ግን ቀዳዳው አለ፣ የቋጠረ ደም የለም። ንክሻው በጆሮ፣ በእግርና በጅራት ላይ ያለ ሥርዓት የተበታተነ ከሆነና ብዙ በጎች ቆስለው ጥቂት ብቻ ከተበሉ ደግሞ የመንደር ውሾችን ይጠርጥሩ። ይህን መናገር በጎረቤት መካከል ጠብ እንደሚያስነሣ አውቃለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከሰው የማይሸሽ፣ በቀን የሚንገዳገድ ወይም ያለ ምክንያት የሚናከስ ቀበሮ፣ ጅብ ወይም ውሻ ካያችሁ ለማየት አትቅረቡ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ይጠብና በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ የዚህ በሽታ ምልክት አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል።

ወለተ ሐረር — ሐምሌ 9

እኔ ያደግሁት በጁገል ግንብ ጥግ ስለሆነ ጅብን ከማየት አስቀድሜ ያወቅሁት በድምፁ ነው። ግንቡ ከሥሩ ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች እንዳሉት፣ እነርሱም በሌሊት ገብተው የተጣለውን ጠርገው እንደሚወጡ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ለመምህር የሚጠቅመው ግን ድምፁን ማዳመጥ ይመስለኛል፤ በጉም ሌሊት ዓይን አይሠራም፣ ጆሮ ግን ይሠራል።

ከዝቅታ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚሳበው ረጅም ጩኸት ጅቡ ያለበትን ለወገኖቹ የሚያስታውቅበት ነው፤ እስከ 5 ኪሎ ሜትር ድረስ ስለሚሰማ ከጓሮዎ ነው ብለው አይደንግጡ። «ሳቁ» ደግሞ ሳቅ አይደለም፤ በምግብ ላይ ሲጋፉ ተበልጦ የተጨነቀው የሚያሰማው ነው። ይህን ከዛፉ ውስጥ ከሰሙ በዚያ ቦታ የሚበላ ነገር አለ ማለት ነው፤ ጠዋት ሄዶ ምን እንደተጣለ መፈለግ ይገባል። የከብት የእንግዴ ልጅና የታረደ በግ ሆድ ዕቃ ከአጥር ውጭ የሚወረውር ቤት ካለ ጅቡን የጠራው እርሱ ነው።

የጾምን ነገር ደግሞ አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት በሰሜን ኢትዮጵያ የጅብን ዓይነ ምድር መርምሮ፣ በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ የአህያ ጠጉር የተገኘበት መጠን ከ14.8 በመቶ ወደ 33.1 በመቶ ከፍ እንዳለ አሳይቷል። የፍልሰታ ጾም ዐሥራ አምስት ቀን ብቻ ስለሆነ እንደ ሁዳዴው 55 ቀን ያህል ላይሰማ ይችላል፤ የቡሬው ወንድሜ አህያ ግን በነሐሴ መበላቷን ሳነብ ይህ ትዝ አለኝ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 አህያን ውጭ አለማሳደር አይከፋም።

የቡሬው ገበሬ — ሐምሌ 9

እኅቴ፣ ነሐሴ 11 ቀን ነው የተበላችው። ይህን ከጾሙ ጋር አያይዤው አላውቅም ነበር። ዘንድሮ አዲሷን አህያ ከበሬዎቹ ጋር በረት አስገባታለሁ፤ ስለ መርዙ ግን ሐሳቤን ለወጥሁ አላልሁም።

ከሚኒሶታ — ሐምሌ 12

ክሩን ሳነብ ፈገግ አልሁ፤ ልጆቼ «ክረምት» ሲሉ በረዶ ማለታቸው ነው፣ እናቴ በስልክ «ክረምቱ እንዴት ነው?» ስትል ደግሞ ጭቃ ማለቷ ነው። እኛ ከከተማ ወጥተን ገጠር ቤት ከገዛን ወዲህ ግን የሁለቱ ክረምት ሥራ አንድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እዚህ በጥር ወር አዲስ በረዶ ባደረበት ጠዋት በጓሮዬ ማን እንዳለፈ እንደ ጋዜጣ አነብባለሁ። የአጋዘን ሸኾና ሁለት የተሰነጠቀ ልብ ይመስላል። የዚህ አገር ቀይ ቀበሮ (ከጓሳው ቀይ ቀበሮ የተለየ እንስሳ ነው) ዱካው በአንድ መስመር ተሰፍቶ ይሄዳል፤ የኋላ እግሩን የፊቱ በረገጠበት ላይ ስለሚያሳርፍ አራት እግር ያለው አይመስልም። ጥንቸል ስትዘል የኋላ እግሮቿ ከፊቶቹ ቀድመው ስለሚያርፉ፣ እኔ መጀመሪያ ሰሞን ዱካዋን ወደ መጣችበት አቅጣጫ ስከተል ነበር። ጥቁር ድብ በበኩሉ በእነዚህ ወራት በዋሻው ስለሚተኛ ከቁጥር ውጭ ነው።

እንቅስቃሴ ሲሰማው በራሱ ፎቶ የሚያነሣ ካሜራ አለኝ፤ ለመምህርም ከሚመጣ ሰው ጋር አንድ ለመላክ ፈቃደኛ ነኝ። ስሕተቴን እንዳይደግሙት ብቻ እነግርዎታለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ከስምንት መቶ በላይ ፎቶ አንሥቶ ሁሉም የሚወዛወዝ ሣር ነበር፤ ስለዚህ ከፊቱ ያለውን ሣርና ቅርንጫፍ አጭደው ያጽዱ። ከጉልበት ከፍታ ብዙ ሳያልፉ፣ መንገዱን ፊት ለፊት ሳይሆን ሰያፍ እንዲያይ አድርገው ይሰሩት፤ ፊት ለፊት ከሆነ እንስሳው ሳይነሣ ያልፋል። በእኛ ብርድ ተራው ባትሪ ድንጋይ ቶሎ ስለሚደክም የሊቲየሙን እንጠቀማለን፤ በእናንተ ዘንድ የሚያስቸግረው እርጥበት ስለሆነ ከላዩ ትንሽ ቆርቆሮ ክዳን ይሥሩለት።

የመንዝ እረኛ — ሐምሌ 12

ካሜራው እስኪደርስ አመዱን አያቋርጡ፤ አመድ ባትሪ አይጨርስም።

የእንጅባራው መምህር — ነሐሴ 5

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ የሚኒሶታው ወንድሜ ካሜራም በሰው እጅ ደርሶኛል። እስካሁን ያየሁትን በቅደም ተከተል ልጻፍ።

አመዱ በመጀመሪያዎቹ አራት ሌሊቶች የነገረኝ የራሴን ድመት ጉዞ ብቻ ነበር። በአምስተኛው፣ በድንቹ በኩል፣ የሕፃን መዳፍ የሚመስል ሰፊ አሻራና በግራ ቀኙ አመዱን የጫሩ ቀጫጭን መስመሮች አገኘሁ፤ ጥቂት እልፍ ብሎም ጥቁርና ነጭ ቀለበት ያለው የጃርት እሾህ ወድቆ ነበር። ከዚያ በኋላ ዱካውን ተከትዬ ስሄድ ዴከረንሱ ውስጥ የተረገጠች ጠባብ መንገድ አገኘሁ፤ ይህ እንስሳ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ እንደሚመላለስ አሁን ገባኝ። እናቴ ጃርት እሾሁን እየወረወረ ይዋጋል ትል ነበር፤ ካሜራው ያሳየኝ ግን ውሻዬ ሲቀርበው ጀርባውን አዙሮ እሾሁን አቁሞ ወደ ኋላ ሲገፋ ነው። አልወረወረም፤ ውሻው ነው ሄዶ የተላተመው። ከአፍንጫው ሁለት እሾህ ነቅለናል።

የዶሮውን ነገር ካሜራው በሦስት ሌሊት ፈታው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ነጠብጣብ ገላ፣ ረጅም ቀለበታም ጅራት ያለው ሸለምጥማጥ በዶሮ ቤቱ ግድግዳና በክዳኑ መካከል ባለው ክፍተት አንገቱን አስገብቶ ይታያል። ክፍተቱን ስለካው ከክንዴ ውፍረት አይበልጥም፤ እኔ በሩን በሁለት መቀርቀሪያ ሳጠናክር ከርሜያለሁ! ወንፊት ሽቦ ገዝቼ ዙሪያውን መትቼዋለሁ።

ጅብም ይመጣል። ስድስት ጊዜ ተነሥቷል፣ ሁለት መሆናቸውንም ከነጠብጣባቸው ለይቻለሁ። በሁሉም ፎቶ ላይ በአጥሩ ጥግ ወደ መንደሩ ቆሻሻ መጣያ ያልፋሉ። አንድ ሌሊት ብቻ አንደኛው ቆሞ የበረቱን መግቢያ ለደቂቃዎች አሽትቷል፤ ያን ፎቶ ለጎረቤቶቼ ላሳይ ወይስ ልደብቅ ብዬ አንድ ቀን ሙሉ አሰብሁ፤ በመጨረሻ አሳየኋቸው። «አላልንህም?» አሉኝ።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ — ነሐሴ 5

ማሳየትዎ መልካም ነው፤ አንዱን ፎቶ ቢደብቁ የቀሩትን አምስቱን ማንም አያምንዎትም ነበር። የበረቱ በር ከሥሩ ክፍተት ካለው በድንጋይ ይሙሉት።

የቡሬው ገበሬ — ነሐሴ 6

ለጃርቱ የሚሆን ከእኔ አንድ ምክር፦ የመንገዱን አፍ በእሾህ ብቻ ቢዘጉት ከሥሩ ቆፍሮ ይገባል። ሁለት ክንድ ያህል ቦይ ቆፍረው ድንጋይ ቀብረው ከላዩ ይጠሩት። ድካም ነው፣ ግን አንድ ክረምት ከደከሙበት ብዙ ዓመት ይቆያል።

የእንጅባራው መምህር — ነሐሴ 27

የተሰጠኝ ጊዜ እያለቀ ስለሆነ የመጨረሻውን ልጻፍ። ነሐሴ 19 ቀን የዚያው ጎረቤቴ ሁለተኛ ጠቦት ከበረቱ ጀርባ ተበልቶ ተገኘ። ሰው መርዙን ሊያመጣ ተነሥቶ ነበር። ሐኪሙ እንደ መከሩኝ በሽማግሌዎቹ ፊት የአንገቱን ቆዳ ገፈፍሁት፤ የጥርስ ቀዳዳ አለ፣ የቋጠረ ደም ግን አንዲት ጠብታ አላገኘንም። ደረቱን ስንከፍት ሳንባው ጠቁሮ ደንድኗል። ወደ ወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ይዤው ስሄድ ባለሙያው ገና ሲያየው የሳንባ ምች መሆኑን ነገረኝ፤ በመንደሩ ካሉት በጎች አንዱም ዘንድሮ እንዳልተከተበም ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። ካሜራው በዚያ ሌሊት ያነሣው ጅቡ ሬሳውን ሲጎትት ነው፤ ሰዓቱ ሊነጋ ሲል ነው፣ ጎረቤቴ ግን በኋላ እንደ ነገረኝ ጠቦቱ ከማታው ጀምሮ አልጠባም፣ ከበረቱም ራሱ ጎረቤቴ አውጥቶ ነበር የተወው። በፊተኛው ጠቦትም እንዲሁ አድርጎ እንደ ሆነ ጠየቅሁት፤ አልመለሰልኝም።

ጎረቤቶቼ በጅቡ ላይ ያላቸው አስተያየት ተለውጧል ብዬ አልዋሽም። ለመርዝ የተዋጣው ገንዘብ ግን ለክትባት ሆኗል፤ ባለሙያው ጳጉሜን 2 ቀን ሊመጣ ቀጠሮ ሰጥቶናል። የቆሻሻ መጣያውንም ወደ ጥልቅ ጉድጓድ ለማዛወር ተነጋግረናል፣ ቁፋሮው ግን መሬቱ እስኪጠነክር እስከ ጥቅምት ይቆያል።

ለቡሬው ወንድሜ፦ ቦዩን ጀምሬዋለሁ፤ ከስድስት ክንድ በኋላ ወገቤ እምቢ ስላለኝ ቀሪውን ለልጄ ትቼለታለሁ። ጃርቱ በዚህ መካከል መንገዱን ለውጦ በበቆሎው በኩል እየገባ ነው፤ አመዱንም ወደዚያ አዛውሬዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ላየው ስወጣ የራሴ ውሻ ደረቅ መኝታ አግኝቶ ተጠቅልሎ ተኝቶበት ነበር።